ያልተከፈተው ማሪዮ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ዳላስ፣ ቴክሳስ የሚገኘው ሄሪቴጅ የተባለ የጨረታ ድርጅት አንድ የቪዲዮ ጌም በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ጌሙ ኒንቴንዶ በ1996 ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የአገራችን አዋጅ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዕቃው ብርቅ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሽጧል፤ ያገለገለውን ፈልጎ የሚያጣ ሰው የለም። ይህን አንዱን ከሚሊዮኖቹ የለየው ከፋብሪካ ሲወጣ የተጠቀለለበት ስስ ፕላስቲክ ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይቀደድ መቆየቱ ነው። ዋታ የተባለ ደረጃ መዳቢ ኩባንያ ሣጥኑን መርምሮ ከ10 ነጥብ 9.8 ሰጠው፤ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥም አሸገው።

ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ጨረታ የ«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የመጀመሪያው ጌም በ870 ሺህ ዶላር ተሽጦ ነበር። በቀጣዩ ወር ደግሞ ብዙ ሰዎች እንደ አክሲዮን ድርሻ የገዙበት ሌላ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የ«ሱፐር ማሪዮ 64» ገዢ ያንን ፕላስቲክ ቀድዶ ካርትሪጁን ማሽኑ ላይ ቢሰካ ንብረቱ ወዲያው ይረክሳል። ስለዚህ አይከፍተውም፤ ከእሱ የሚገዛውም አይከፍተውም። የኒንቴንዶው ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ኪዮቶ ላይ የደከሙበት ሥራ ተጫዋቹ በባለ ሦስት አውታር ዓለም ውስጥ እንዳሻው ሲሮጥና ሲዘል የሚሰማው ነጻነት ነው። ያ ነጻነት በዚያ ሣጥን ውስጥ የለም። እዚያ ያለው ካርቶን፣ ፕላስቲክና ዋጋ ነው።

ሀብታም ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለ መቁጠር አይደለም ፍላጎቴ። የሚያሳስበኝ፣ የቪዲዮ ጌም በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ትውልዶች ያደጉበት ጥበብ ሆኖ ሳለ ከሁለት ወገን እየተዘጋ መምጣቱ ነው። አንደኛው ወገን ዕቃውን የሚያሽገው ገበያ ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚቆልፈው የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ነው። ሁለቱም ንብረት እንጠብቃለን ይላሉ፤ ሁለቱም ጨዋታውን ያስቆማሉ። መጽሐፍ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ጽሑፉ እዚያው አለ። ጌም ግን ሰው እጁን ካላሳረፈበት ገና አልተፈጠረም ማለት ይቻላል።

ሰብሳቢ ሁሉ አሻጊ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ የዚህን ጥበብ ታሪክ ከጥፋት ያተረፉት በአብዛኛው ሰብሳቢዎች ናቸውና። ለመሰብሰብ የሚሆን ዕቃ ሊኖር የቻለው ራሱ በአንድ ሰው ትጋት ነው። ጄራልድ ላውሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ የመራው ቡድን በ1976 ፌርቻይልድ ኩባንያ ባወጣው «ቻነል ኤፍ» ማሽን ላይ ጌሞችን በሚነቀልና በሚሰካ ካርትሪጅ አቀረበ። ከዚያ በፊት የቤት ጌም ማሽን ይዞት የተሠራውን ብቻ ነበር የሚያጫውተው። ከላውሰን በኋላ ጌም ከማሽኑ ተለይቶ የሚገዛ፣ የሚዋዋሱት፣ ከወንድም ለወንድም የሚወረስ ነገር ሆነ።

ይህ ዕቃ ይሞታል። አሟሟቱንም በቅርብ የሚያውቁት እነዚሁ ሰብሳቢዎች ናቸው። በ1987 በአሜሪካ የወጣው ወርቃማው የ«ዜልዳ» ካርትሪጅ ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያስታውሰው በውስጡ ባለች ትንሽ ክብ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ስትደክም የልጁ ጀብዱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በ1990ዎቹ የተሠሩ ማሽኖች ላይ ያሉ ትናንሽ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ሰሌዳውን ይበሉታል፤ የሴጋ «ጌም ጊር» በዚህ ሕመም የታወቀ ነው። ፍሎፒ ዲስክ የመግነጢስ ኃይሉን ያጣል። ሲዲም አስተማማኝ ይመስላል እንጂ አየር ከገባበት የአሉሚኒየሙ ንጣፍ ይበላሽና ማሽኑ ማንበብ ያቅተዋል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰብሳቢ ብየዳ ይማራል፤ ባትሪ ይቀይራል፤ ካፓሲተር ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቺፑ ውስጥ ያለውን መረጃ አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ቢሞት እንኳ ጌሙ አይሞትም። በብዙ አገሮች ሕግ ፊት ጥያቄ የሚያስነሳውም ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ ይጠብቀው የለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ታሪኩ እንደዚያ አይልም። ጌም አምራቹ አታሪ በ1983 ገበያው ሲወድቅበት ያልተሸጡ ካርትሪጆቹን በጭነት መኪና ወስዶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው። በ2014 ቦታው ሲቆፈር ወደ 1,300 የሚሆኑ ካርትሪጆች ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ የ«ኢ.ቲ.» ጌም ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ የቀበረውን ሌላው ሙዚየም አስገባው።

ይህ የአንድ የከሰረ ኩባንያ ታሪክ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። ሌላው ጌም አምራች ኮናሚ በ2012 የ«ሳይለንት ሂል» ሁለት ታላላቅ ክፍሎችን በአዲስ መልክ ሲያወጣ የመጨረሻውን ኮድ ስላላስቀመጠ ባልተጠናቀቀ ኮድ ላይ ተመሥርቶ ለመሥራት ተገደደ፤ ውጤቱም ተጫዋቹን ያሳዘነ በስህተት የተሞላ እትም ሆነ። ስኩዌር ኤኒክስም «ኪንግደም ሃርትስ»ን እንደገና ለማውጣት ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ መረጃ ጠፍቶ ስለነበር ብዙውን ነገር ገበያ ላይ ከዋለው ጌም እያየ እንደ አዲስ መሥራት ነበረበት። ዩቢሶፍት ደግሞ በ2008 «ሬንቦ ሲክስ ቬጋስ 2» ያለ ዲስክ አልነሣ ላላቸው ደንበኞቹ ያቀረበው መፍትሔ ሬሎድድ የተባሉ ኮድ ሰባሪዎች የሠሩት ፋይል ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ጠባቂ ያደረጋቸው ወገኖች እንዲህ ናቸው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በ2023 ታወቀ። በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽንና የሶፍትዌር ጥበቃ ኔትወርክ በጋራ ባወጡት ጥናት በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በጥናቱ ጊዜ በሕጋዊ ገበያ አይገኝም ነበር። ማግኘት የሚፈልግ ሰው ምርጫው ሦስት ነው፤ ያረጀ ማሽንና ያረጀ ካርትሪጅ መግዛት፣ ወይም ዕቃው ወዳለበት ቤተ መዛግብት መጓዝ፣ ወይም ያለ ፈቃድ የተገለበጠውን ማውረድ። የመጀመሪያውን የጨረታ ዋጋ ያርቀዋል፤ የታሸገ ሣጥን በሚሊዮን ሲሸጥ ያልታሸገውም አብሮ ይወደዳል። ሁለተኛው ለጥቂቶች ነው። ሦስተኛውን ሕግ ይከለክላል፤ ሕዝቡ ግን የሚያደርገው ሦስተኛውን ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት አሜሪካ ከሠራቻቸው ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ቅርጻቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። እነዚያ ፊልሞች የጠፉት ስቱዲዮዎቹ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ ስለጣሏቸውና የተቀረጹበት ናይትሬት በቀላሉ ስለሚቃጠል ነው። የሲኒማ ሰዎች ያጡትን ያወቁት ከረፈደ በኋላ ነበር። ጌሞቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹ በየሰብሳቢው ቤትና በየኮምፒውተሩ በደህና ተቀምጠዋል። የጎደለው ነገሩን ለተመልካች የሚያደርስ ሕጋዊ መንገድ ነው።

ይህን መንገድ ለመክፈት የተደረገው ሙከራ በኦክቶበር 2024 ከሸፈ። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ፣ ኩባንያ የገጠመውን ዲጂታል ቁልፍ መስበር ይከለክላል፤ በየሦስት ዓመቱ ግን የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ ልዩ ፈቃድ ለሚጠይቁ ጆሮ ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጌሞችን ለተመራማሪዎች በኢንተርኔት እንዲያውሱ ይፈቀድላቸው ተብሎ ተጠየቀ። ጌም ላልሆነ ሶፍትዌር ይህ ፈቃድ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ትላልቆቹን አምራቾች የሚወክለው ኢንተርቴይንመንት ሶፍትዌር አሶሲየሽን ተቃወመ። ሰዎች ምርምር እያሉ ሊዝናኑበት ይችላሉ፤ የድሮ ጌሞች ዳግም ሽያጭም ይጎዳል የሚል ነበር ክርክሩ። ጥያቄው በተሰማበት መድረክ ላይ የማኅበሩ ጠበቃ ምን ዓይነት ገደብ ቢደረግ ትስማማላችሁ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለጊዜው አባላቱ የሚቀበሉት ምንም ዓይነት ገደብ እንደሌለ ነው የመለሰው። ጽሕፈት ቤቱም ጥያቄውን ውድቅ አደረገ።

የዚህን ውሳኔ ትርጉም ከእኛ ሁኔታ አንጻር ላስረዳ። አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1980ዎቹ ሥራዎች ውስጥ አፍሪካ እንዴት እንደተሣለች ማጥናት ቢፈልግ፣ ድሮ የታተመ መጽሐፍ ወይም ፊልም ከሆነ በኮምፒውተሩ የሚደርስበት መንገድ ይኖራል። ከገበያ የወጣ ጌም ከሆነ ግን ቪዛ አግኝቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ውስጥ እንዳለው ዓይነት የጨዋታ ሙዚየም ሄዶ ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። ጌሙን ማንም አይሸጠውም፤ ስለዚህ ተማሪው በኢንተርኔት ቢያየው አንድ ሳንቲም የሚያጣ ሰው የለም። እንዳያየው የተደረገው እንዲሁ ነው።

የጊዜው ርዝመት ነገሩን ያባብሰዋል። በአሜሪካ ሕግ የኩባንያ ሥራ የቅጂ መብት ከወጣበት ጀምሮ 95 ዓመት ይቆያል። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የሕዝብ ሀብት የሚሆነው በ2081 መጀመሪያ ነው። በ10 ዓመቱ የተጫወተው ልጅ ያን ጊዜ 106 ዓመት ይሞላዋል። የካርትሪጅ ባትሪ ዕድሜ በአሥር ዓመታት ነው የሚቆጠረው፤ የሲዲም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሕጉ ከሚጠብቀው ነገር በላይ ይኖራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሕግ መጨረሻ ላይ የሚያስረክበው ነገር አይኖረውም።

የመብት ባለቤቶችን ክርክር ግን ንቄ ማለፍ አልፈልግም፤ በአንድ ነገር ትክክል ናቸውና። ኒንቴንዶ በፌብሩዋሪ 2024 «ዩዙ» የተባለውን ኢሙሌተር የሚሠሩትን ሰዎች ከሰሰ። ኢሙሌተር ማለት የአንድን ጌም ማሽን ባሕርይ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ክሱ እንደሚለው «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» የተሰኘው አዲስ ጌም በሜይ 2023 ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ሾልኮ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል። ሰዎች ዓመታት የለፉበትን ሥራ ገና ሱቅ ሳይደርስ መውሰድ ስርቆት ነው፤ በየትኛውም ሰበብ አላለሳልሰውም። ተከሳሾቹ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው በማርች ሥራቸውን አቆሙ።

ነገር ግን በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተዘጋ። የዩዙ ሰዎች «ሲትራ» የሚባል የሌላ ማሽን ማለትም የኒንቴንዶ 3ዲኤስ ኢሙሌተርም ነበራቸው። ኒንቴንዶ ደግሞ የ3ዲኤስን የኢንተርኔት ሱቅ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 27 ቀን 2023፣ ለዘለቄታው ዘግቶት ነበር። በዚያ ሱቅ ብቻ ይሸጡ የነበሩ፣ ካርትሪጅ ኖሯቸው የማያውቁ ጌሞች አሉ። መጀመሪያ ሱቁ ተዘጋ፤ ቀጥሎ መውጫው ተዘጋ። አዲስን ጌም ከሌባ መጠበቅና የሞተን ጌም ከተጫዋች መደበቅ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቅጣት፣ በአንድ ጠበቃ መዳኘት የለባቸውም። ክርክሬ ይህ ነው።

ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከተናገረ ቆይቷል። ሶኒ በ1999 ኮኔክቲክስና ብሊም የተባሉ ሁለት ትናንሽ ኩባንያዎችን ፕሌይስቴሽንን በኮምፒውተር ስላስመሰሉ ከሰሰ። በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ብሊምም በችሎት አልተሸነፈም፤ የጠበቃ ወጪው ግን በ2001 ከገበያ አስወጣው። ከዚያ በ2018 ሶኒ «ፕሌይስቴሽን ክላሲክ» የተባለ ትንሽ ማሽን ይዞ ብቅ አለ። 20 የድሮ ጌሞች የተጫኑበት ነው። ጌሞቹን የሚያስነሣው ፕሮግራም ሶኒ የጻፈው አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞች በነጻ የሠሩት «ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ» የተባለ ኢሙሌተር ነው። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ ሶኒ በዚህ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ኩባንያው ያለፈ ታሪኩን እንደገና ለመሸጥ ሲፈልግ መንገዱን ተጠርጎ ያገኘው የኢሙሌተር ሰዎች ሌሊታቸውን ሰጥተው ስለሠሩት ነው። ጥበቃው የዳግም ሽያጭ ጠላት ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ከዕቃ ወደ ዲጂታል ሽያጭ ስንመጣ ጉዳዩ ከሰብሳቢውና ከተመራማሪው አልፎ ማንኛውንም ገዢ ይነካል። ዩቢሶፍት በ2014 «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጌም አወጣ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም ነበር። በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ዲስኩን በገንዘቡ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ የማይሠራ ዲስክ ታቀፈ። ኢ.ኤ. የተባለው ጌም አምራች ደግሞ ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ሲያበቃ በሴፕቴምበር 2023 የቆዩትን የ«ፊፋ» ጌሞች ከዲጂታል ሱቆች አነሣ። ከሁሉ የከፋብኝ የ«ጂ.ቲ.ኤ. 4» ጉዳይ ነው። በ2008 የወጣው ይህ ጌም ዐሥር ዓመት ሲሞላው የአንዳንድ ዘፈኖች ፈቃድ ስላበቃ፣ በ2018 ኩባንያው በላከው ማሻሻያ ዘፈኖቹ አስቀድመው ከገዙት ሰዎች ጌም ውስጥ ሳይቀር ወጡ። የገዛኸው መጽሐፍ ውስጥ አሳታሚው ሌሊት ገብቶ ገጽ እንደመቅደድ ነው።

ሕዝብ ዝም አላለም። የ«ዘ ክሩ» መዘጋት ካስቆጣቸው ተጫዋቾች የተነሣው ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች ጥያቄ ሆኖ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። ጥያቄው ልከኛ ነው፤ ኩባንያዎች ሰርቨር ለዘላለም ያቆዩ አይልም፤ ሲዘጉ ጌሙን ሊጫወቱት በሚቻል ሁኔታ ይተዉት ነው የሚለው። ካሊፎርኒያም በ2024 ባወጣችው ሕግ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው ሊነጠቅ የሚችል ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት አስገድዳለች። ይህ ቢያንስ ሐቁን ያስነግራል፤ ጌሙን ግን አያተርፍም።

እኔ የምደግፈው መፍትሔ ከዚህ ይዘልቃል። ሥራን ለብቻ የመሸጥ መብትና ሥራን ከዓለም የማጥፋት መብት ይለያዩ። ባለቤቱ እስከሸጠ ድረስ ሕጉ በሙሉ ክብደቱ ይቁምለት። ለዐሥር ዓመት ያህል ካልሸጠው ግን ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ቁልፉን ሰብረው እንዲያድኑትና በርቀትም እንዲያውሱት ይፈቀድ። ባለቤቱ እንደገና ገበያ ሲያወጣው ውሰቱ ይቁም። ፈረንሳይ ከ1992 ጀምሮ በአገሯ የሚወጣ ጌም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ እንዲገባ በሕግ አድርጋለች፤ በዚህም የፈረንሳይ ጌም ኢንዱስትሪ አልከሰረም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ፕሌይስቴሽን ቤትን ያውቃል፤ አግዳሚ ወንበሩን፣ የተላላጠውን ጆይስቲክ፣ የተሸነፈ ይነሣ የሚለውን ደንብ፣ ሂሳብ የሚይዘውን ልጅ። ማሽኖቹ ቅጂ ዲስክ እንዲያነቡ ቺፕ የተገጠመላቸው ነበሩ፤ ዲስኮቹም በእስክሪብቶ ስማቸው የተጻፈባቸው ቅጂዎች። «ዊኒንግ ኢለቨን» የተባለው የእግር ኳስ ጌም የሰፈራችንን ልጆች ያገናኘው በዚያ ቅጂ ነው። ሶኒ ዛሬም የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎቱን ለኢትዮጵያ አይሰጥም። በሜይ 2024 «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለው ጌም ይህ አገልግሎት በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከኮምፒውተር ገበያ ሲነሣ እኛ ከዚያው ወገን ነበርን። አልሸጥልህም፣ ስትቀዳም እቀጣሃለሁ የሚል ባለቤት ፊት የቆመ ሕዝብ የሞራል አቋሙ ካሊፎርኒያ ካለ ገዢ ጋር አንድ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ደግሞም መቅዳት ምን እንደሚያተርፍ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። መጽሐፈ ሄኖክ በመላው ዓለም ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ብራና ፍቀው ደጋግመው የገለበጡት ጸሐፍት ስለነበሩ።

ፖላንድም በዚህ አልፋለች። ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሃው ኪቺንስኪ በወጣትነታቸው ዋርሶ ገበያ ውስጥ የተቀዱ ጌሞችን ይለዋወጡ ነበር። በ1994 ሲዲ ፕሮጄክትን አቋቋሙ፤ ከዚያ «ዘ ዊቸር» የተባለው ጌማቸው መጣ። ይኸው ኩባንያ በ2008 የድሮ ጌሞችን አስተካክሎ ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ጎግ የተባለ ሱቅ ከፈተ፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ቁልፉ ሲነሣ ሰው መክፈል አያቆምም።

የአገራችን ፈጣሪዎች ግን ሥራቸው እንዳይቀዳባቸውም እንዳይጠፋባቸውም ጥበቃ ይገባቸዋል። ዘፋኞቻችን ካሴታቸው በወጣ ማግሥት እየተቀዳባቸው ስንት ድካም እንደባከነ እናውቃለን፤ ያንን በደል በጌም ሠሪዎቻችን ላይ መድገም አይገባም። ከገበሬ የምትሸሸውን ዶሮ የሚያስሮጠው «ኩኩሉ» በአዲስ አበባ ልጆች የተሠራ የስልክ ጌም ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል በማካተት ይከልለዋል። ይኸው አዋጅ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ በተወሰነ ሁኔታ ቅጂ እንዲያዘጋጁም ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ሕጉ አዲስ ሆኖ እስኪጻፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

የስልክ ጌም ከካርትሪጅ ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። አፕል በ2017 አይ.ኦ.ኤስ. 11ን ሲያወጣ ለ32 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞች በአንድ ማሻሻያ መሥራት አቆሙ፤ ሠሪዎቻቸው ያላደሷቸው እልፍ ጌሞች በዚያው ቀሩ። የእኛም እንዲሁ ሊቀሩ ይችላሉ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር የታተመ መጽሐፍ እንደሚሰበስብ ሁሉ በአገር ውስጥ ከሚሠራ ከእያንዳንዱ ጌም ኮዱን፣ ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ የተሠራበትን ፕሮግራምና የሚሠራበትን አንድ ስልክ ይረከብ። ሠሪው ሥራውን እስከሸጠ ድረስ ሣጥኑ ተዘግቶ ይቆይ፤ መሸጥ ሲያቆም ለሚያጠናና ለሚጫወት ይከፈት። ጌም የሚሠሩት ወጣቶቻችን ዛሬ ጥቂት ስለሆኑ ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ክፍልና በሁለት ባለሙያ መጀመር ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችን ገና በሠሪዎቻቸው ኮምፒውተር ውስጥ እያሉ።